ከኮሪያ ሳይመለስ የተበላ ተስካር

አጎቴ አያሌው ኮሪያ ለዘመተው አባቴ በቁሙ ለቅሶ አስነሥቶ ተስካሩን ያበላው እኔ የፊት ጥርሴ በወለቀበት ዓመት ነው። ልጁ ሽፈራው ደግሞ ይህንኑ ነገር እንደ ውለታ ቆጥሮ በእንግዳ ፊት የተናገረው ባለፈው መጋቢት ነው። ሁለቱንም እጽፋለሁ። አያሌው ሞቷል። ለሞተ ሰው ክፉ አይነሣም የሚሉኝ አሉ። አባቴ ሳይሞት ሞተ ሲባል ግን አንድም ሰው ተው አላለም።

ነገሩን የቀሰቀሰው የረጠበ ሱፍ ሽታ ነው። በመጋቢት ከኮሪያ የመጡ እንግዶች የዘማች ቤተሰብ ለማየት ወደ ሞላሌ ወጥተው ነበር። የበልግ ዝናብ ድንገት ሲጥል በየደጁ የቆምነው ሁሉ ወደ አዳራሹ ተጠጋን። ሽማግሌዎቹ በርኖሳቸውን እንደደረቡ ገቡ። የመንዝ ጥቁር በርኖስ ውኃ ሲነካው ከበጉ ጀርባ ገና ያልተሸለተ ይመስል ያንኑ የበግ ሽታ ይሰጣል። ወጣቶቹ ሳቅ ብለው አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የድሮው የሞላሌ ገበያ ወለል ብሎ መጣብኝ። ጨው ሻጮቹ በላይኛው ጥግ ከድንጋይ አጥሩ ሥር ነበሩ። ከነሱ ቀጥሎ ባዘቶና ሱፍ፣ ከዚያ ወዲያ በግ። በግ በሦስት ብር ይገዛ ነበር፣ የሰባው በአራት። ጋዝ በጠርሙስ እየተሰፈረ በስሙኒ ይሸጣል፤ ሻጩ ጣቱን ከጠርሙሱ አፍ ላይ ሳያነሣ ያወራ ስለነበር እናቴ «ጣትህንም ልትሸጥልኝ ነው?» ትለው ነበር። የከተማ ሰው የሚለየው በካኪ ኮቱና በሸራ ጫማው ነው። የኛ ሰው የበግ ቆዳ ወይም በርኖስ ለብሶ እግሩን ጭቃው ላይ ይተክላል። ሴቶቹ መቀነታቸውን ወገባቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው፣ እንዝርት ይዘው፣ ቆመውም እየሄዱም እየተጨቃጨቁም ይፈትላሉ። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ የስልክ መሸጫ ሱቅ አለ። ስልኮቹ ከኮሪያ ይመጣሉ አሉ።

አባቴ ጌታነህ ወታደር ሆኖ ከተማ የገባው እኔ ሳልወለድ ነው። በዓመት አንዴ እየመጣ እናቴን በለጡንና እኔን አይቶ ይመለሳል። የወንዝ ዳር ማሳው በወንድሙ በአያሌው እጅ ይታረሳል። ለሁለቱም ከአባታቸው የወረደ ርስት ቢሆንም የወንዝ ዳሩ ቁራጭ በዕጣ ለአባቴ የደረሰ ነበር። በሁለት ዝናብ የሚያበቅል፣ ውርጭ የማይመታው፣ መንዝ ውስጥ ሰው የሚገዳደልበት ዓይነት ማሳ ነው። አባቴ ከቤት ሲለይ የለበሰው በርኖስ እናቴ ሁለት ክረምት የፈተለችው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ጦር ወደ ኮሪያ ይሄዳል ተባለ። ኮሪያ የት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። የኛ መሪጌታ ከግብፅ ወዲያ ነው አሉ፤ አንድ ነጋዴ ደግሞ ፀሐይ የምትወጣበት ዳር ነው አለ። ልጃገረዶቹ ውኃ ሲቀዱ ግጥም አወጡለት፦

ኮሪያ ዘመተ አሉ ባሕሩን ተሻግሮ፣
ማን ያርሰው ይሆን የመንዙን ጓሮ።

የሚያርሰውማ ይታወቅ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከአያሌው ጋር ሱፍ ይዤ ወርጄ ነበር። ዓይኑ የታመመ፣ ካኪ የለበሰ የግሼ ሰው ጥቅል ተሸክሞ መጣ። በሕመሙ ምክንያት ከጦሩ አሰናብተውት ወደ አገሩ ማለፉ ነው።

«የጌታነህ ወንድም አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ጌታነህ ደህና ነው። መርከብ ሊገቡ ነው። ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር አዲስ አልብሰዋቸዋል፤ ይኼ በርኖስ ትርፍ ሆነብኝ፣ ለልጄ ብርድ ይከልክላት ብሏል።» ወደ እኔ ዞረ። «ልጁ ይቺ ናት?»

«ናት።»

«አባትሽ ሰላም ብሎሻል፣ እሺ? እንዳይበርድሽ።»

ሰውየው ጠላ እንኳ ሳይጠጣ መንገዱን ቀጠለ። አያሌው ጥቅሉን ፈታ አድርጎ አየው። የእናቴን ፈትል እኔም ለየሁት። ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቆም አለና «ዛሬ የሰማሽውን እኔ እነግራቸዋለሁ። ሴት ልጅ ከገበያ ወሬ አታመጣም» አለኝ። አንቱ የምለው ሰው ነው፤ እሺ አልኩ። ጥቅሉ ከጎተራው ኋላ ገባ።

እሺ ብዬም ዝም አላልኩም። ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ጠየቀችው። «መጥቶ ቢሆን ለብሰሽው አላይም ነበር?» አላትና ሳቀ፤ ሚስቱም ሳቀች። እናቴ ወደ እኔ መለስ ብላ «ውሸት ከየት ተማርሽ?» አለችኝ። ክፋቷ አልነበረም። ያን ያህል ትልቅ ሰው ጥቅል ይደብቃል ብላ ልታስብ አልቻለችም።

ወራት አለፉ። ከዚያ ኮሪያ ላይ ሰው እያለቀ ነው የሚል ወሬ ከገበያ ወደ ገበያ ዞረ። በዚያ ሰሞን አንድ ማለዳ፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሲመለስ፣ አያሌው በርኖሱን አውጥቶ ከደጁ ባለው ምሰሶ ላይ ሰቀለው። አንዲት ቃል አልተናገረም። እኛ አገር መንገድ የሄደ ሰው ልብስ ያለ ባለቤቱ የሚመለሰው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው በሩቅ ሞቶ ሬሳው ካልመጣ፣ ልብሱ ወጥቶ ይለቀስበታል፤ ጠመንጃና ፈረስ ካለውም ይወጣል። ስለዚህ አላፊ አግዳሚው በርኖሱን አየ፣ አያሌውን ከሥሩ ተቀምጦ ራሱን ይዞ አየ፣ በቃ። መርዶ አርጂ አላስፈለገም። የመጀመሪያዋ ሴት ስትጮህ እናቴ ከቤት ወጣች፤ የራሷን ፈትል አየች። ፊቷን ነጨች። አልቃሿ ያወጣችው እስካሁን በጆሮዬ አለ፦

በርኖሱ ሲመጣ በሰው ጀርባ ታዝሎ፣
ጌታው ወዴት ቀረ ከባሕር ማዶ ውሎ።

እኔ መሀል ገብቼ «ደህና ነው ብሏል! የግሼው ሰው ደህና ነው ብሏል!» አልኩ። የአያሌው ሚስት በነጠላዋ አፌን ይዛ ወደ ደረቷ ሳበችኝ። «ወይ ልጄን፣ ናፍቆት አቃዣት» አለች። ሴቶቹ ለኔም አለቀሱልኝ። እናቴ በደማ ፊቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቀጥላ አያሌውን አየች። የሆነ ነገር ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ግን ለቅሶ ተነሥቷል፤ በተነሣ ለቅሶ መካከል ጥያቄ አይጠየቅም። ያዟት፣ አስቀመጧት፣ ፀጉሯን ላጯት።

በአርባው ቀን ተስካሩ ተበላ። ከአባቴ ሁለት በሬዎች አንዱ ታረደ፣ ሌላው በአያሌው በረት ቀረ። ካህናቱ ጸለዩ፣ ነዳያን ጠገቡ፣ ሰዉ «ወንድም እንዲህ ነው» እያለ መርቆ ወጣ። ማሳው ወንድ ወራሽ የለውም ተብሎ ለአያሌው ሆነ። እናቴ የመርሐቤቴ ልጅ ነበረች። ወንድሞቿ መጥተው ወሰዷት። እኔን እነ አያሌው የአባቷ ዘር ናት ብለው አስቀሩኝ፤ እንዝርት የምትይዝ ልጅ ለቤቱ ታስፈልጋለች። እስከ ቁልቁለቱ አፍ ሸኘኋት። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ «አንቺ ያልሽው እውነት ቢሆንስ?» አለችኝ።

«እውነት ነው።»

«ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር በምን አፌ ልጣላ? ተስካሩንም በልቻለሁ።» ወንድሞቿ ከታች «በለጡ፣ መሸብን» ብለው ተጣሩ። ወረደች። በዓመቱ ዓለም ከተማ አካባቢ ላለ ገበሬ እንደዳሯት ሰማሁ።

አባቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስንት ወር እንደሆነ አላውቅም፤ ጥርሴ ግን በቅሎ ነበር። ጭቃ ቀለም ያለው ረጅም የሱፍ ካፖርት፣ ዳገት ሲወጣ የሚጮህ ወፍራም ጫማ፣ ደረቱ ላይ ሜዳሊያ። ትንሽ ያነክሳል። የአያሌው ሚስት ከደጅ ስታየው አማትባ ወደ ውስጥ ሸሸች። እኔ አልሸሸሁም። አልገረመኝምም፤ ደህና ነው ተብያለሁና።

«አስካለ? አደግሽ። እናትሽስ?»

«አገባች።»

ቆመ። «ምን ስለሆነች?»

«ሞተሃል ብለው።»

«ማን አለ?»

በጣቴ በርኖሱን አሳየሁት። አያሌው ለብሶት ከማሳው እየመጣ ነበር።

ስለ እነዚያ ሁለት ወንድማማቾች መገናኘት ብዙ ሰው ብዙ ይላል፤ ያየሁት እኔ ነኝ። አባቴ እጁን አላነሣም። «ሰውየው ምን ብሎ ሰጠህ?» ብቻ አለው። አያሌው «ጥቅሉን ሰጥቶኝ አለፈ። እኔ ሞተ አላልኩም። ሰው ነው ያለቀሰው» አለ። በኋላ ሽማግሌ ሲቀመጥም ይህንኑ ደገመ። እውነቱን ነው፤ ቃል አልወጣውም። አባቴ «ልጄ ሰምታለች» ሲል ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ጌታነህ፣ እኛ በሕፃን ቃል፣ ያውም በሴት ሕፃን፣ ወንድማማች እንለያይ?» አለ። የግሼው ሰው ይጠራ ሲባል ሞቷል የሚል መልስ መጣ። እኔ እዚያው አጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። ማንም ወደ እኔ ዞሮ ምን ሰማሽ አላለኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልጠየቅ አልናገርም፤ ስጠየቅም አስቤ ነው።

አባቴ እናቴን ለማየት አንድ ጊዜ ወደ መርሐቤቴ ወረደ። አርግዛ ነበር። ከሩቅ አይቷት፣ ከባሏ ጋር ቡና ጠጥቶ ተመለሰ። ስለዚያ ቀን የነገረኝ «ቆላው ያልባል» የሚል ብቻ ነው።

አባቴ ማሳውን ትቶ ሞላሌ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ክፍል ተከራየ፤ እኔንም ከአያሌው ቤት ወሰደኝ። ጨው፣ ጋዝ፣ ክብሪትና ሳሙና እየቸረቸረ ኖርን። የሕይወቴ ደግ ዘመን ያ ነው። ወፍጮው ሲነሣ ግድግዳው ይርገበገባል፣ ዱቄት በሽንቁሩ እየገባ ካፖርቱ ላይ ያርፋል፤ እሱ እያራገፈ ስለ ኮሪያ ያወራኛል። ተራራማ ነው፣ እንደኛው። ብርዱ ግን የኛን ብርድ ያስንቃል አለ። በረዶው ወድቆ አይሟሟም፤ ተኝቶ ይከርማል። የቆላ ልጆቹ እጃቸው ሲደነዝዝ የመንዝ ልጆች ይቀልዱባቸው ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን «እኛም ቀልዱን ተውነው» አለ። ሰዎቹ ገብስ ይበላሉ። ይህን ሲነግረኝ በደስታ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ገብስ የሚበላ ሰው ማግኘቱን እንደ ዘመድ ማግኘት አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ምድጃቸውን ከወለሉ ሥር ያነዱታል፤ ሙቀቱ ከታች ይመጣል፤ ቤቱ በቦምብ ፈርሶ ወለሉ ብቻ የቀረላቸው ሰዎች እንኳ ሰማይ ሥር ያንን ወለል አንድደው ይተኙበታል። ያን ጊዜ ከኛ የባሰ ድሃ ነበሩ። መንገዱ ሁሉ ወላጅ አልባ ልጅ ነበር፤ ጦሩ ከስንቁ እየቀነሰ ያበላቸው ነበር። ትልቁን ሽማግሌ በስሙ አይጠሩም፤ ሲሰጡና ሲቀበሉ በሁለት እጅ ነው፣ እንደኛው።

አንድ ነገር ደጋግሞ ያነሣል። ሰፈራቸው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጃቸው ሞቷል። የሞተበት ቀን ዞሮ ሲመጣ በፈረሰው ቤታቸው ወለል ላይ ሩዝ፣ ፍሬና ትንሽ መጠጥ ደርድረው ሰገዱ። ለራሳቸው የሚበሉት የላቸውም። አስተርጓሚው «በየዓመቱ ነው፤ እሳቸው እስካሉ በየዓመቱ ያደርጋሉ» አለው። አባቴ «እነሱም ተስካር አላቸው» ይለኝ ነበር። «በየዓመቱ። የኔ ግን እኔ ሳልደርስበት አለቀ።» ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር።

ሰው ሁሉ «ተስካሩ የተበላው» ይለዋል። ለጨው የሚመጣ ልጅ እንኳ «ከተስካሩ የተበላው ግዢ ብለውኛል» ይላል። ክፋት ያላቸው አይመስላቸውም። ክርስትና የሚያነሣላቸው ሰው ሲፈልጉ ግን በሱ ደጅ አልፈው ይሄዳሉ። ማኅበር ልግባ ሲል «ጌታነህ፣ ጸሎተ ፍትሐት የተደረገለት ሰው ጽዋ ማንሣቱ ደግ አይደለም» አሉት። የነፍስ አባቱ ይህ ከንቱ ነገር ነው፣ ሃይማኖት አይደለም ብለው ተቆጡ። ሰዉ እሺ አለ፤ አላስገባውም።

በፋሲካ በፋሲካ ሽማግሌዎች ከአያሌው ጋር ሊያስታርቁት ይመጣሉ። አንድ ጊዜ «ኮሪያ ላይ ጦርነቱ አለቀ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አልቆ አይደል የመጣኸው?»

«አላለቀም። ተኩስ ቆመ እንጂ እርቅ የለም። መሀል ላይ መስመር አስምረው ወዲህና ወዲያ ሆነው ይጠባበቃሉ። እኔና አያሌውም እንደዚያው ነን። እኔ ወደሱ አልተኩስም፣ እሱም ወደኔ አይሻገር።» ሌላ ጊዜ ደግሞ «እኛ እዚያ አንድ ምርኮኛ አልሰጠንም። የሞተውን ጓዳችንን ጥይት እየዘነበብን ተሸክመን ነው የወጣነው። እዚህ ወንድሜ በሕይወት ያለሁትን አልፈለገኝም» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ አልመጣም። እስከ ዛሬ ያ አገር በመስመር እንደተከፈለ መሆኑን በራዲዮ ስሰማ እሱን አስታውሳለሁ።

ደረቱን ያመው ነበር። ከዚያው ብርድ ይዞት የመጣ ነው። በጥቅምት፣ በመድኃኔዓለም ማግስት ሞተ። እኔ ያን ጊዜ ለአቅመ ሔዋን ደርሻለሁ እንጂ ሰው አልነበረኝም። አያሌው ነጭ ጋቢ ለብሶ መጣ፤ ከሁሉ አብልጦ አለቀሰ። ከቀብር ስንመለስ በሰው ፊት «አጎቴ፣ ለአርባው እንዴት እናድርግ?» አልኩት። አንቱ ብዬ ነው።

«የምን አርባ?»

«የአባቴ ተስካር።»

«ልጄ፣ አንድ ሰው ሁለት ተስካር የለውም። የሱን እኔ አብልቻለሁ። በሬ አርጄ።»

የአባቴን በሬ። ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች እዚያው ነበሩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ልክ ነው» አሉ። አንዱ እንዲያውም «ሁለተኛ ማብላት ሟርት ነው» አለ። አባቴ የተቀበረው ካፖርቱን እንደለበሰ ነው፤ በአርባው ቀን ለብቻዬ ቆሎ ቆልቼ ለተማሪ ቤት ልጆች ሰጠሁ። በዓመቱ አያሌው ዳረኝ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፣ ግን ከአያሌው ጋር በጋብቻ የተሳሰረ፤ ነገሩን ባነሣሁ ቁጥር «የሞተ ነገር አትቆስቁሺ» ይለኛል። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ መሬት ለሁሉም ይከፋፈል ተባለ። የወንዝ ዳሩ ማሳ ሲለካ አያሌው ድንበሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔ ሥራዬን ትቼ ሄጄ አየሁት። በዚያ ዘመን ተስካር ማብላት ብክነት ነው እየተባለ ይወገዝ ስለነበር የሚሰማኝ ካህንም አልነበረም። ዘመኑ ሲለወጥ ደግሞ ልጆች፣ ድርቅ፣ የባሌ ሕመም፣ ቀብሩ። ዓመቱ እንዲህ ነው የሚሄድ። አሁን የልጅ ልጄ ማታ ማታ የኮሪያ ድራማ ታያለች፣ ቋንቋቸውንም ትሞካክራለች። ቅድመ አያትሽ እዚያ ነበሩ ስላት «አንቺ ደግሞ!» ትለኛለች።

ወደ መጋቢት ልመለስ። አዳራሹ ውስጥ ለቤተሰብ ወንበር ተዘርግቶ ነበር። ሽፈራው ኮትና ከረባት አድርጎ ከፊት ተቀምጧል። የልጅ ልጁ ለኮሪያ የትምህርት ዕድል እንዲታጭለት ይፈልጋል፤ ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ መልኩም ወደ አባቴ ያደላል። ሽፈራው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «እትዬ አስካለ፣ ዛሬ የድሮውን አናንሣ፤ አንድ ቤተሰብ ነን» አለኝ። «ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት። ከረባቱን አቃንቶ ዞረ።

ከእንግዶቹ አንዲት በዕድሜ የኔ እኩያ ሴት ነበሩ። አስተርጓሚዋ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ሴትዮዋ በልጅነታቸው ከኢትዮጵያ ወታደሮች እጅ ዳቦ በልተው እንዳደጉ ተናገሩ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ እጄን ከጭኔ ላይ አላነሣሁም። እሳቸው ያን ዳቦ ሲበሉ እኔ በአያሌው ቤት እንዝርት ላይ ነበርኩ ብዬ አሰብኩ። ደግ ሐሳብ አይደለም፤ አሰብኩት። ንግግሩ ሲያልቅ ወደ እኔ መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና የአባቴን መቃብር ማየት እንደሚፈልጉ አስነገሩ።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። እሳቸው፣ አስተርጓሚዋ፣ ቄሱ፣ እኔና ሽፈራው ወጣን። መቃብሩ ላይ ከድንጋይ በቀር ምንም የለም። ሴትዮዋ ከቦርሳቸው ሁለት ብርቱካንና ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። ቄሱ ደነገጡ። ፍሬውን አስቀምጠው፣ ከጠርሙሱ መሬት ላይ አፍስሰው፣ በእርጥቡ ሣር ላይ ተንበርክከው ሰገዱ። ሲነሡ ጉልበታቸው ጭቃ ሆኖ ነበር። በአስተርጓሚዋ በኩል ጠየቁኝ፦ «የሞቱበት ቀን መቼ ነው?»

«የጥቅምት መድኃኔዓለም ማግስት።»

«በዚያ ቀን ምን ታደርጉላቸዋላችሁ?»

አስቤ ልመልስ ስል ሽፈራው ቀደመኝ። «ተስካራቸውን አባቴ በወጉ አብልተዋል፤ በሬ አርደው። ቤተሰቡ ምንም አላጎደለባቸውም» አለ። አስተርጓሚዋ ተረጎመችላቸው። ሴትዮዋ ለሽፈራው ዝቅ ብለው እጅ ነሡት። እሱም መልሶ እጅ ነሣ።

«ጠይቂያቸው» አልኳት አስተርጓሚዋን፤ «ሰው ሳይሞት ተስካሩ ቢበላ፣ እናንተ ዘንድ ይቆጠርለታል?»

ልጅቷ ሽፈራውን አየች፣ እኔን አየች፣ ተረጎመች። ሴትዮዋ አጭር ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«በሕይወት ላለ ሰው እንደዚህ አይደረግም፣ ነውር ነው አሉ። እንደገና በቀኑ መደረግ አለበት አሉ።»

ሽፈራው «እትዬ፣ በእንግዳ ፊት?» አለኝ።

«የአባቴን ተስካር በእንግዳ ፊት ያነሣኸው አንተ ነህ» አልኩት።

ወደ ቄሱ ዞርኩ። ወጣት ናቸው፤ የድሮውን አያውቁም። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ በርኖሱን፣ የግሼውን ሰው፣ ሽማግሌዎቹን። እሳቸውም «ሰውየው ምን ሲል ሰሙ?» አሉኝ፤ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ጨርሼ «ሁለት ተስካር የለም ብለውኛል» አልኳቸው።

«ለሕያው የተደረገ ፍትሐት ለሙት አይሆንም፤ እማማ። አልተደረገም ማለት ነው» አሉኝ።

ሽፈራው ከኋላዬ «አሁን ይኼ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? አባቴም አባትሽም አፈር ናቸው» ሲል ሰማሁት።

በጥቅምት፣ በመድኃኔዓለም ማግስት፣ ዳስ አስጣልኩ። ገብሱን ራሴ አስፈጨሁ፣ ጠላውን ራሴ ጠመቅሁ፣ ሦስት በግ አሳረድኩ። ካህናቱ ጸለዩ፤ የአባቴን ስመ ክርስትና ሲጠሩ ሰማሁ። ሽፈራውን አልጠራሁትም። ነጭ ጋቢ ለብሶ መጣ፤ ከተስካር ሰው አይመለስም። ከሽማግሌዎቹ ተርታ ሊቀመጥ ሲል እጁን ይዤ አጥሩ ሥር ከነዳያን መካከል አስቀመጥኩት።

«ቦታዬ እዚህ ነው?» አለኝ።

«እዚህ ነው።»

እንጀራውንና ሥጋውን ራሴ አቀረብኩለት። በላ። በማግስቱ ሽማግሌ ላከብኝ። በሩን አልከፈትኩም።